በቁጥር ልክ የሆነው የሲኒ ሣጥን በዓይን ለምን ከበደ?

ጥያቄ፦ ዋንዛ ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በትርፍ ጊዜዬ የእንጨት ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ሚኒሶታ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ጆሮ የሌላቸው ስድስት የቡና ሲኒዎች የሚቀመጡበት የዋንዛ ሣጥን ሠርቼ መላክ ፈልጌ የመጀመሪያውን ጨርሻለሁ። መገጣጠሚያዎቹ ጥብቅ ናቸው፤ ማዕዘኖቹ በስኳድራ ሲለኩ ልክ ናቸው፤ ክዳኑም ሳይንገዳገድ ይገጥማል። ይሁን እንጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስመለከተው የመሣሪያ ማስቀመጫ እንጂ ስጦታ አይመስልም። የሥራው ጥራት ሳይሆን የቅርጹ ነገር እንደሆነ ይሰማኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ለይቼ መናገር አልቻልኩም።

መጠኖቹ የሚከተሉት ናቸው። የውጭ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 200፣ ክዳኑን ጨምሮ ቁመቱ 150 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን የመረጥኩት ርዝመቱ ለወርዱ 3 ለ 2፣ ቁመቱ ደግሞ የርዝመቱ ግማሽ እንዲሆን አስቤ ነው። የግድግዳው ውፍረት 18 ሚሊሜትር ነው፤ ጣውላው ከእንጨት ቤት ተልጎ የመጣው በዚሁ ውፍረት ስለነበር አልነካሁትም። ወለሉ 12 ሚሊሜትር ነው። ክዳኑ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ወጥ ጣውላ ሲሆን በአራቱም ጎን 15 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ይላል። ከታች ዙሪያውን 30 ሚሊሜትር ቁመትና 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዞኮሎ ለጥፌበታለሁ። ክዳኑን የያዙት ሁለት ባለ 50 ሚሊሜትር ማጠፊያዎች ሲሆኑ፣ ከፊት ለፊቱ የመሳቢያ እጀታ አለው። የአንዱ ሲኒ አፍ ስፋት 70፣ ቁመቱ 55 ሚሊሜትር ነው።

ሁለተኛውን ሣጥን ከመጀመሬ በፊት ማወቅ የምፈልገው፣ ብዙ ጊዜ የሚነገርለትን 1.618 የተባለውን ወርቃማ ምጣኔ ብጠቀም ችግሩ ይፈታ እንደሆነ፣ ካልሆነም ከየትኛው ክፍል ማሻሻል ብጀምር እንደሚሻል ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ስኳድራ

ወንድሜ፣ መጠኖቹን በዝርዝር ስላስቀመጡልን መልስ መስጠት ቀላል ሆኗል። በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ የመረጡት 3 ለ 2 በተጠናቀቀው ሣጥን ላይ በየትኛውም ገጽ አይታይም። ከላይ ሲታይ ዓይን የሚያገኘው ግድግዳውን ሳይሆን ክዳኑን ነው፤ ክዳኑ ደግሞ 330 በ230 ስለሆነ ምጣኔው ወደ 1.43 ወርዷል። ከፊት ሲታይም በ300 በ150 ምትክ የሚታየው ከላይ 330 ሰፍቶ፣ መሃል ላይ ወደ 300 ጠብቦ፣ ከታች እንደገና 320 የሚሆን ቅርጽ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የነበረው ምጣኔ ክዳኑና ዞኮሎው ሲጨመሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ውፍረቱ ነው። በዚህ መጠን ላለ ሣጥን 18 ሚሊሜትር ግድግዳ የመደርደሪያ እንጂ የሣጥን ውፍረት አይደለም። ሣጥኑ ሲዘጋ ውፍረቱ ተደብቋል ብለን እናስብ ይሆናል፤ ነገር ግን የክዳኑ ጠርዝ 20 ሚሊሜትር መሆኑ ዙሪያውን ስለሚታይ፣ ተመልካቹ ሣጥኑን ሳይከፍት የእንጨቱን ክብደት ገምቶ ይጨርሳል። ሲከፈት ደግሞ ሲኒዎቹን ከማየታችን በፊት ሰፊ የእንጨት አጥር እናያለን። እኔ ብሆን ግድግዳውን ወደ 10 ሚሊሜትር አወርደዋለሁ። ከ10 በታች መሄድም ይቻላል፤ የሚላክ ዕቃ ስለሆነ ግን በዚያው ላይ ብንቆም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ከ150 ላይ የክዳኑን 20 እና የወለሉን 12 ብንቀንስ ውስጡ 118 ሚሊሜትር ጥልቀት ይቀረዋል። ሲኒው 55 ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ጥልቀት ባዶ ነው ማለት ነው፤ ሣጥኑ ረጅም የሆነው በውስጡ ላለው ነገር ሳይሆን ለቁጥሩ ሲባል ነው። ስለዚህ ንድፉን ከውስጥ ወደ ውጭ መሥራት ይሻላል። ሲኒዎቹን በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት አድርገው ይደርድሯቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲኒ 76 ሚሊሜትር ቦታ፣ ለማከፋፈያዎቹ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ቢሰጡ የውስጡ ርዝመት 236፣ ወርዱ 156 ይሆናል። ይህ 1.51 ነው፤ የፈለጉት 3 ለ 2 ምንም ሳይደክሙ ከሲኒዎቹ አደራደር መጣ።

ዞኮሎውን ሙሉ በሙሉ ያንሱት። ዞኮሎ የቤት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን ለመሸፈን የሚሠራ ነገር ነው፤ ትንሽ ሣጥን ላይ ሲለጠፍ ሣጥኑን ወደ መሬት ይጎትተዋል። በምትኩ ከሣጥኑ ሥር፣ ከጠርዙ 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው ዙሪያውን በሚሄዱ ቀጫጭን ጣውላዎች ሣጥኑን ከጠረጴዛው 4 ሚሊሜትር ከፍ ቢያደርጉት ከሥሩ ጥላ ይፈጠራል፤ ያች ጥላ ሣጥኑን ታቀለዋለች። ክዳኑንም ወደ ውጭ አያስወጡት። ግድግዳውና ክዳኑ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ በመካከላቸው የሚታየው ቀጭን መስመር ብቻውን በቂ ጌጥ ነው።


መልስ፦ ነጭ ወረቀት

ስለ ወርቃማው ምጣኔ የጠየቁትን ልመልስ፤ በሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ስለማስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል።

1.618 የሒሳብ ባሕርይው የሚያስደንቅ ቁጥር ነው፤ ጎኖቹ በዚህ ምጣኔ የሆኑ አራት ማዕዘን ላይ ካሬ ቆርጠን ብናወጣ የሚተርፈው ቁራጭ ያንኑ ምጣኔ ይይዛል። ሰዎች ከሌሎች አራት ማዕዘኖች ሁሉ ይህንን አብልጠው ይወዳሉ የሚለው እምነት ግን መሠረቱ ደካማ ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው ሥራ ሰዎች ከቀረቡላቸው አራት ማዕዘኖች መካከል ወደዚህ ምጣኔ የተጠጋውን በብዛት እንደመረጡ ጽፏል፤ ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ውጤቱን ወጥ በሆነ መንገድ አላረጋገጡትም። ከ1.4 እስከ 1.7 ያለው ክልል ለአብዛኛው ዓይን ይስማማል ብንል አንሳሳትም። የኤ4 ወረቀት ምጣኔ 1.414 ነው፤ ማንም ሰው ወረቀቱ አስቀያሚ ነው ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም።

ሣጥን ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን አይደለም። ሦስት ዓይነት ገጽ አለው፤ ላዩ፣ ፊቱና ጎኑ። ተመልካቹ ሣጥኑን የሚያየው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች በሰያፍ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ያውም አጥረውና ተዛብተው ያያቸዋል። በዚህ አኳኋን 1.5 ይሁን 1.6 የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚለየው ግን ሦስቱ ልኮች እርስ በርስ ሲቀራረቡ ነው። 300፣ 200 እና 150 ሲባል ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ናቸው፤ ጎኑን ብቻ ብንመለከተው ወደ ካሬ የተጠጋ ነው። ዓይን ሣጥኑ ረጅም ነው፣ ወይም ጠፍጣፋ ነው፣ ወይም ኩብ ነው ብሎ መወሰን ሲያቅተው "ከባድ ነው" ይላል። ስኳድራ እንዳሉት ቁመቱ ቢወርድ ሣጥኑ ጠፍጣፋ ለመሆን ይወስናል፤ ዋናው ለውጥም ይኸው ይመስለኛል።

ቀጥሎ ክዳኑና አካሉ የሚለያዩበትን መስመር ያስቡበት። መስመሩ በትክክል መሃል ላይ ሲሆን የላይና የታች ክፍል እኩል ይሆኑና የትኛው የትኛውን እንደተሸከመ አይታወቅም። ክዳኑ በጣም ቀጭን ሲሆን ደግሞ ለብቻው ተቆርጦ የተደፋ ይመስላል። ከጠቅላላ ቁመቱ ሩብ እስከ ሲሶ ለክዳኑ ቢሰጡ ደኅና ነው።

ይህን ሁሉ በእንጨት ከመሞከር በፊት ግን በካርቶን ይሞክሩት። የማቀዝቀዣ ወይም የቴሌቪዥን ማሸጊያ ካርቶን ወስደው በልኩ ቆርጠው በስኮች ይያያዙት፤ የክዳኑን መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩበት፤ ከዚያም ሣጥኑ ይቀመጥበታል ብለው በሚያስቡት ከፍታ ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ቀናት በአጠገቡ ይለፉ። ቁመቱን 10 ሚሊሜትር መቀነስ በካርቶን የመቀስ ሥራ ነው። ሥዕሉን በኮምፒውተር የሠሩ ሰዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ስክሪን ላይ ግን ሣጥኑ የእጅ መዳፍ ያህል ይሁን የበር ያህል አይታወቅም፤ ውፍረት የሚያታልለንም እዚያ ነው።


መልስ፦ የድሮ አናጢ

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። አሁን ሁሉም ነገር ቀጭን፣ ሁሉም ነገር ለስላሳ ካልሆነ አያምርም ተብሏል። የአያቶቻችን ሣጥን ወፍራም ነበር፤ በሩቅ ሲታይ ሣጥን መሆኑ ይታወቅ ነበር። ከወደዱት ወፍራሙን ግድግዳ ይተዉትና የክዳኑን የታችኛውን ጠርዝ በሰያፍ ይላጉት፤ 20 ሚሊሜትሩ ዳር ላይ 8 ብቻ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሳይለፉ ግማሹ ክብደት ይወርዳል።

ዞኮሎው ይነሳ የተባለው ግን ትክክል ነው። እጀታውም እንዲሁ።


ጠያቂው፦ ዋንዛ ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርቶኑን ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ። የድሮ አናጢ ያሉት በሰያፍ መላግ ለመጀመሪያው ሣጥን ይሆነኛል፤ እርሱን ቤት አስቀርቼ የእጅ መሣሪያ እከትበታለሁ። ለአዲሱ ግን ቀጭኑን ግድግዳ መርጫለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በእጄ ያለው የዋንዛ ጣውላ 25 ሚሊሜትር ውፍረትና 110 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ነው፤ ይህን ወደ 10 ሚሊሜትር ለማውረድ ከግማሽ በላይ በፒያላ መላግ ያሳዝናል። ሁለተኛ፣ ግድግዳው 10 ሚሊሜትር ከሆነ የማዕዘኑ መገጣጠሚያ ምን ቢሆን ይሻላል? የመጀመሪያው ላይ የተጠቀምኩት በምስማርና በኮላ የተጣበቀ ቀላል መደራረብ ነው።


መልስ፦ ስኳድራ

ጣውላውን አይላጉት፤ ለሁለት ይሰንጥቁት። 25 ሚሊሜትሩን በወርዱ አቁመው መሃሉን በባንድ መጋዝ (እንደ ቀበቶ የሚዞር ረጅም ምላጭ ባለው የማሽን መጋዝ) ሲያስከፍሉት መጋዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ቢበላ እንኳ ሁለት ባለ 11 ሚሊሜትር ጣውላ ያገኛሉ፤ አንዱን ሚሊሜትር ለመላጊያ ይተዉታል። ባንድ መጋዝ ያለው እንጨት ቤት ሄደው ቢያሠሩት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን አይላጉት። ከጣውላው መሃል አዲስ የተከፈተው ፊት ከውጩ ፊት የተለየ እርጥበት ስላለው እንጨቱ ይጣመማል። በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያደረጉ ደርድረው፣ ከላይ ክብደት ጭነው ቢያንስ አንድ ሳምንት ያቆዩትና ከዚያ ወደ 10 ያውርዱት።

የመሰንጠቁ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ሁለቱ ቁራጮች እንደተከፈተ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መስመራቸው ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ሥዕል ይሠራል። የክዳኑን ላይ ከእነዚህ ሁለት ቁራጮች አጣብቀው ቢሠሩት ሣጥኑ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። የዋንዛ ልብ ቡናማ ሆኖ ቀይ ቢጤ ነው፤ ዳሩ ነጣ ይላል። ነጩን ክፍል ከመገጣጠሚያው አርቀው ዳር ላይ ያድርጉት፤ ወይም ጨርሰው ይቁረጡት። መሃል ላይ የገባ ነጭ መስመር ክዳኑን ለሁለት ከፍሎ ያሳያል።

ማዕዘኑን በተመለከተ፣ እኔ የምመርጠው 45 ዲግሪ ነው። አራቱን ግድግዳዎች ከአንድ ጣውላ ላይ በተከታታይ፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ርዝመት፣ ወርድ እያሉ ይቁረጧቸው። እንዲህ ሲሆን የእንጨቱ መስመር ከፊት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ኋላ ሳይቋረጥ ይዞራል። በሦስት ማዕዘኖች ላይ መስመሩ ይገናኛል፤ አራተኛው ላይ የጣውላው መጀመሪያና መጨረሻ ስለሚገናኙ መግጠም አይችልም። ያንን ማዕዘን ወደ ኋላ ያዙሩት። ሲያጣብቁ አራቱን ቁራጮች በውጭ ፊታቸው ወደ ላይ አድርገው ጫፍ ለጫፍ ደርድረው መጋጠሚያዎቹ ላይ ስኮች ይለጥፉ፤ ገልብጠው ኮላ ይቀቡና እንደ ወረቀት ያጥፉት። ስኮቹ እንደ ሞርሳ ሆኖ ይይዘዋል። የተቆረጠ ጫፍ ኮላ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ስስ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ደግመው ይቀቡ።

ሣጥኑን ከነክዳኑ ስድስቱም ፊቱ የተዘጋ አድርገው ይሥሩትና ኮላው ከደረቀ በኋላ ክዳኑን በመጋዝ ይለዩት። ክዳንና አካል ለየብቻ ተሠርተው እንዲገጥሙ መታገል ቀርቶ፣ ከአንድ አካል ስለተለዩ መስመራቸው ይቀጥላል። መጋዙ የሚበላውን 3 ሚሊሜትር ቁመቱ ላይ ቀድመው ይጨምሩ፤ የመጨረሻው ቁመት 90 እንዲሆን ከፈለጉ 93 አድርገው ይጀምሩ።

45 ዲግሪ በኮላ ብቻ ሲያዝ ደካማ ነው። ስለዚህ በየማዕዘኑ ላይ በአግድም በመጋዝ ቀደድ አድርገው ቀጭን የወይራ ስንጥር ያስገቡበት። ወይራ ከዋንዛ በጣም ጠንካራና ጠቆር ያለ ስለሆነ ማዕዘኑን ያጠነክራል፣ በዚያውም ያስጌጠዋል። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ግድግዳውን የሚያስሩት የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ወጥተው ጌጥም እንደሆኑ ያስታውሳል። የተሸከመውን ክፍል መደበቅ ግዴታ አይደለም።


መልስ፦ ሠላም ከሚኒሶታ

ሣጥኑ ወደ እኛ አገር ስለሚመጣ ይህን ልጨምር፤ እኔም እዚህ በትንሽ ጋራዥ ውስጥ የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። የሚኒሶታ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ ለእንጨት ከባድ ነው። ቤት ሲሞቅ የአየሩ እርጥበት በጣም ይወርዳል። በቤት ውስጥ ሙቀት እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ የቆየ እንጨት 13 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9፣ 30 በመቶ ሲሆን ወደ 6 ይወርዳል። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተሠራ ሣጥን ጥር ላይ እዚህ ሲደርስ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይሄዳል ማለት ነው።

እንጨት በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያደርግም፤ የሚሸማቀቀው በወርዱ ነው። 175 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የክዳን ጣውላ በዚህ ጉዞ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። በአራቱም ጎን በኮላ ከተጣበቀ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ማዕዘኖቹን ይከፍታቸዋል። የጠያቂው የመጀመሪያ ሣጥን ላይ ያለው ወጥ ክዳን ወጣ ወጣ ያለ ስለሆነ ቢጠብም አይሰነጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን በማጠፊያዎቹ በኩል ይቆለምማል። ስለዚህ በአዲሱ ላይ የክዳኑ ጣውላ በግድግዳዎቹ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ። የጣውላው ዳር 5 ሚሊሜትር ያህል ምላስ ኖሮት ቦዩ ውስጥ ይግባ፤ ሲጠብና ሲሰፋ እዚያው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። መሃሉን እንዳይለቅ ከፈለጉ በሁለቱ ጫፎች በመካከሉ ላይ ብቻ አንዳንድ ጠብታ ኮላ ያድርጉ። አሁን በአዲስ አበባ ክረምት እየሠሩ ከሆነ ጣውላው በሰፊ ጊዜው ላይ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት በየጎኑ ይበቃል፤ በጥር ቢሆን ኖሮ ከዚያ በላይ ይተዉ ነበር።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የክዳኑን ጣውላ ከመግጠምዎ በፊት ምላሱን ጨምሮ ቀለሙን ወይም ቫርኒሹን ቀብተው ይጨርሱት። ከተገጠመ በኋላ ከተቀባ፣ እዚህ በብርዱ ወቅት ጣውላው ሲጠብ ከቦዩ ውስጥ ያልተቀባ ነጭ መስመር ይወጣና ዙሪያውን ይታያል።

ውስጡን በተመለከተ በዘይትም ሆነ በቫርኒሽ እንዳይቀቡት እለምናለሁ። የተዘጋ ሣጥን ውስጥ የዘይት ሽታ ለወራት አይወጣም፤ ሲኒው ላይ ከተቀመጠ ቡናው ቀርቶ ዘይቱ ይሸታል። በስፒርቶ የሟሟ ጎማላካ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ሽታም አያስቀርም። ማከፋፈያዎቹንም ከጥድ እንዳይሠሩ፤ የጥድ ሽታ ለልብስ ሣጥን መልካም ነው፣ ለሲኒ ግን አይሆንም። ወለሉ ባለ 4 ሚሊሜትር ፕላይውድ ይሁን፤ ፕላይውድ ስለማይሰፋ ዙሪያውን በኮላ ቢጣበቅም ችግር የለውም፣ ሣጥኑንም ያጠነክረዋል።

ስለ ማጠፊያው፣ 10 ሚሊሜትር ግድግዳ ላይ 50 ሚሊሜትሩ አይሆንም። ቅጠሉ ከ8 ሚሊሜትር የማይሰፋ የነሐስ ማጠፊያ ያስፈልጋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልገው ካገኙ እሰየው። ካላገኙ ማጠፊያ የሌለው ይሁን። በግድግዳው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ጣውላ ይግጠሙና ከአካሉ ጠርዝ በላይ 5 ሚሊሜትር ከፍ ይበል፤ ክዳኑ እርሱ ላይ ይቀመጣል። ብረት የሌለበት ሣጥን ለእኔ ይበልጥብኛል።


ጠያቂው፦ ዋንዛ ወዳጅ

የሠላምን ምክር ተቀብያለሁ፤ ማጠፊያም እጀታም አይኖረውም። ልኩን እንደገና ሳሰላው የሚከተለው ሆነ። ሲኒዎቹ የሚፈልጉት 236 በ156 ነው፤ ክዳኑን የሚይዘው ውስጠኛ ጣውላ በየጎኑ 4 ሲወስድ 244 በ164፣ ግድግዳው ሲጨመር 264 በ184 ይሆናል። ቁመቱ 93 ሆኖ ተሠርቶ ከተቆረጠ በኋላ 90 ነው፤ ከዚህ ውስጥ 27 ለክዳኑ፣ 63 ለአካሉ። የወለሉ ላይኛ ፊት ከታች 9፣ የክዳኑ ጣውላ ውስጠኛ ፊት ከላይ 10 ሚሊሜትር ላይ ቢሆን ውስጡ 71 ሚሊሜትር ጥልቀት ይቀረዋል፤ ለ55ቱ ሲኒ፣ ከሥሩ ለሚነጠፈው ከፋይና ከላይ ለሚለጠፈው ስፖንጅ በቂ ነው። ቁመት፣ ወርድና ርዝመት ሲነጻጸሩ 1 ለ 2 ለ 3 አካባቢ መጡ። ይህን ሆን ብዬ አላመጣሁትም፤ ነጭ ወረቀት ግን ደስ ይላቸው ይሆናል።

በካርቶን ሠርቼ ቡፌው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከአሮጌው አጠገብ ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የክዳኑን መስመር በ30 እና በ27 ላይ አስምሬ ሳነጻጽር 27ቱን መረጥኩ። የቀረኝ ጥያቄ የወይራው ስንጥር ስንትና የት ይሁን የሚለው ነው። በተጨማሪም ማከፋፈያዎቹን እስከ ሲኒው አፍ ድረስ ከፍ ላድርጋቸው ወይስ ዝቅ?


መልስ፦ ነጭ ወረቀት

1 ለ 2 ለ 3 ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ወርዱ 190 ቢመጣ ኖሮ 180 አድርጉት ብዬ አልከራከርም ነበር።


መልስ፦ ስኳድራ

ለእያንዳንዱ ማዕዘን ክዳኑ ላይ አንድ፣ አካሉ ላይ ሁለት ስንጥር ይበቃል። የክዳኑ በቁመቱ መሃል፣ ማለትም 13 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ይሁን። የአካሉ ሁለቱ አንዱ ከላይኛው ጠርዝ 16፣ ሌላው ከታችኛው ጠርዝ 16 ሚሊሜትር ላይ ይሁኑ። ለስንጥሮቹ በመጋዝ ከመቅደድዎ በፊት ክዳኑ የሚቆረጥበትን መስመር በእርሳስ ያስምሩ፤ ስንጥሩ መስመሩ ላይ ከወደቀ መጋዙ ይሰነጥቀዋል። የስንጥሩ ውፍረት መጋዙ የከፈተውን ያህል ይሁን፤ በግድ የሚገባ ከሆነ ማዕዘኑን ይከፍተዋል፤ ከላላም ዙሪያው በኮላ ተሞልቶ ይታያል። ግድግዳው 10 ሲሆን ማዕዘኑ በሰያፍ 14 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የቀዳዳው ጥልቀት ከ10 አይለፍ፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይወጣል። ሲደርቅ ትርፉን በስለታም መሮ ከማዕዘኑ ወደ መሃል እየላጉ ይቁረጡት፤ ወደ ውጭ ከላጉት ጫፉ ተገንጥሎ ይሄዳል።

ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አያድቦልቧቸው። አንድ ሚሊሜትር ያህል በፒያላ በሰያፍ ሰበር ማድረግ ይበቃል፤ ብርሃን የሚይዝ ጥርት ያለ መስመር ይተዋል። የክዳኑና የአካሉ መገናኛ ላይም እንዲሁ ቢያደርጉ ሁለቱ ሲዘጉ ቀጭን ቦይ ይፈጠራል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ክዳኑ ግማሽ ሚሊሜትር ቢጣመም እንኳ ቦዩ ይደብቀዋል።

ማከፋፈያዎቹን ዝቅ ያድርጉ። 76 ሚሊሜትር ቦታ ውስጥ 70 ሚሊሜትር ሲኒ ሲገባ በየጎኑ የሚቀረው 3 ብቻ ስለሆነ ጣት የሚገባው በአራቱ ማዕዘን በኩል ነው፤ ማከፋፈያው እስከ አፉ ከደረሰ ሲኒውን ለማውጣት ሣጥኑን መገልበጥ ሊመጣ ነው። 30 ሚሊሜትር ቁመት ቢሰጧቸው ሲኒዎቹ ሳይጋጩ ይቆማሉ፣ እጅም እንደልብ ይይዛቸዋል። ሁለቱን የመስቀለኛ መገናኛዎች በየግማሽ ቁመታቸው ቀደው ያጠላልፏቸው፤ ኮላም አያስፈልጋቸውም፣ ለማጽዳት ሲፈልጉ አውጥተው ይመልሷቸዋል።